በቃሏ ያነበበችው ታሪክ

ከማባዣ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት እጄ ላይ ሲያርፍ ሁልጊዜ ትንሽ እቆማለሁ። ጉደር ውስጥ ባለች አንዲት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ የሥራዬ ግማሹ ደብዳቤ መጻፍ፣ ግማሹ ደብዳቤ ማባዛት ነው። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ከዚያ ወረቀቱ ሞቅ ብሎ፣ የተቃጠለ ቀለም እየሸተተ ይወጣል። አንድ ቀን አለቃዬ፣ "ምነው፣ ወረቀት ትሞቂያለሽ እንዴ?" አለኝ። "ብርዱ ነው" ብዬ አለፍኩት። ብርዱ አልነበረም። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አምቦ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን እንዲህ ያለ ትኩስ ወረቀት በክንዱ አቅፎ ይገባ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ለሁላችን ስለማይበቃ፣ አጫጭር ልቦለዶችን ከያለበት እየሰበሰበ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያባዛልናል። ወረቀቱ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ እየተቀባበለ ሲሄድ ክፍሉ በዚያ ሽታ ይሞላል። ዝናብ ያገኘን ቀን ደግሞ የረጠበ ሹራብና የጫማ ጭቃ ሽታ ይቀላቀለዋል። መምህሩ ገና ወጣት፣ ቁመቱ አጭር፣ ነጭ ጋዋኑ ቁርጭምጭሚቱ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ሰው ነበር። አማርኛ የሚያስተምረን እሱ ሆኖ ሳለ እኛ "ቲቸር" ነበር የምንለው።

"ያልገባችሁን ቃል ዘላችሁ ብታልፉ፣ ዞሮ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል" ይለን ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከማንበባችን በፊት ቃላቱን እናወጣለን፤ ከዚያ የሥነ ጽሑፍ ስሞቹ ይመጣሉ። "መቼ እና የት ተጋቡና መቼት የሚባል ልጅ ወለዱ" አለን አንድ ቀን፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጭብጥን ሲያስረዳን ባዶ እጁን ጨብጦ አሳየን፦ ታሪኩ ካለቀ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረው። ለጡዘት ሁለት ተማሪዎች አስነስቶ ገመድ አጓተተ። ገመዱ ተወጥሮ ሲንቀጠቀጥ "ይኸው፣ እዚህ ላይ! ወይ ይበጠሳል፣ ወይ አንዱ ይለቃል" ብሎ ጮኸ። ንግር ደግሞ ነገሩ ከመድረሱ በፊት ደራሲው ጣል የሚያደርገው ፍንጭ ነው አለን። እኔ እነዚህን ሁሉ ለፈተና ነበር የምይዛቸው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን ርቦት እንደ ዋለ ሰው ነበር የምትቀበላቸው።

ጓደኛዬ የወንጪ ልጅ ነበረች። ከአገሯ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚርቅ፣ እንደ ብዙ የገጠር ልጆች አምቦ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ገበያ በሚመጣ አይሱዙ ላይ ተጭነው ቆጮ፣ ድንች፣ የገብስ ቆሎ ያመጡላታል። ቤቷ አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው የሚነገረው። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ሁለቱንም እቀላቅላለሁ፤ እሷ ግን አማርኛን የለመደችው ከክፍል ነው። "ገጸ ባሕርይ" ማለት አቅቷት "ገጠ ባሕርይ" ስትል ከኋላ ያሉት ወንዶች ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቅና ደግማ "ገጠ" ትላለች። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ "አንቺ ሳትስቂ በዪልኝ" ትለኛለች።

ትምህርት በግማሽ ቀን ስለሚያልቅ ከሰዓቱ የእኛ ነበር። የተከራየችው ክፍል ከሁሉቃ ወንዝ ብዙ አይርቅም፤ በሩ ላይ ስንቀመጥ የውሃው ድምፅ ይሰማናል። አከራይዋ ግቢው ውስጥ መዝሙር እያዜመች ልብስ ታጥባለች፤ የሳሙናው ውሃ በእግራችን ሥር ያልፋል። ከባሕር ዛፎቹ መሃል የሚመጣው ፀሐይ ወረቀታችን ላይ ሲያርፍ ፊደሉ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። እኔ "ወጋገን" እላታለሁ። ዓይኗን ጨፍና ታስብና "በእኛ በሪ ነው። ሊነጋ ሲል" ትላለች። ለእያንዳንዱ የአማርኛ ቃል ከቤቷ አንድ ቃል ፈልጋ ታጋባዋለች። ያልተገኘላት ቀን ታዝናለች። "ይሄ ቃል ብቻውን ቀረ" ትላለች፣ ስለ ሰው እንደምታወራ ሁሉ።

ከታሪኮቹ አንዱን ዛሬም አልረሳሁትም። ማን እንደ ጻፈው ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ወንዝ ማዶ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ የተነሣ ሰው ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ያቆመዋል። ሰውየው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሙላቱ እስኪጎድል ይጠብቃል። መምህሩ "መልካ ምንድን ነው?" ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። ጓደኛዬ እጇን አወጣች። "ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ ነው ቲቸር። እኛም መልካ ነው የምንለው።" መምህሩ በደስታ ጠመኔውን እንደያዘ አጨበጨበላት። "እናንተ የከተማ ልጆች፣ ሰማችሁ?" ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ እየዘለለች ሄደች። ቀጥሎ መምህሩ ሰውየው ለምን እንደተቀመጠ ጠይቆን ነበር። ሁላችንም "ፈሪ ስለሆነ" ብለን መለስን፤ እሷም።

ምልክቱ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ወረቀቱን ወደ ፊቷ ስታስጠጋ፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል አያት ነበር፤ የእሷ ልማድ መሰለኝ። የአከራይዋን የልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ ረግጣ ገለበጠችው፤ "ምን ነካሽ ልጄ፣ ዓይንሽ የት ሄደ!" ተባለች፤ ሳቅን። ከጎኗ የመጣ ባጃጅ ሊገጫት ሲል ጎትቼ አዳንኳት፤ ሾፌሩን ሰደብነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ከእኔ ደብተር መገልበጥ ጀመረች፤ በኋላ ደግሞ "አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ ልስማ" ማለት አመጣች። ዓይኗ አልቀላም፣ አላበጠም፣ አላመማትም። ልጆች ነበርን። ዓይን ሳያምም ይጠፋል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። እሷ "የኩራዝ ጭስ ነው፣ ያልፋል" አለች፤ አመንኩ።

መምህሩ ተራ በተራ ድምፃችንን እያሰማን ያስነብበን ነበር። አንድ ጊዜ እሷ ስታነብ መስመር ዘለለች፣ ከዚያ ተመልሳ ያንኑ መስመር ደገመች፤ ክፍሉ ሳቀባት፤ መምህሩም "ሳትዘጋጂ አትምጪ" ብሎ አስቀመጣት። እንደዚያን ቀን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። "የሰነፍ ልጅ መሰልኩት" አለችኝ። የሚቀጥለው ተራዋ ለክለሳ በምንደግመው በወንዙ ሰውዬ ታሪክ ላይ እንደሚደርስ ስላወቀች፣ ሙሉ ከሰዓት እኔ እያነበብኩ እሷ እየደገመች ቆየን። ነጠላ ሰረዙ ጋ የት እንደምተነፍስ፣ አራት ነጥቡ ጋ ድምፄን የት እንደማወርድ ሳይቀር ያዘችው። ሲመሽ ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳታጎድል አለችልኝ። ወንዙ ከሥራችን ይሰማ ነበር። ያማረ ነበር፤ እውነት ለመናገር፣ እኔ ሳነበው እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

ተራዋ ደረሰ። ቆመች፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጀመረች። የኋላ ወንዶች እንኳ ዝም አሉ። ሙላቱ ሲመጣ ድምፅዋ አብሮ ደፈረሰ። መምህሩ በወንበሮቹ መሃል እየተመላለሰ ነበር፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረው። እኛ ወንበር ጋ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቷን አየ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ወረቀቱን ገልብጣ ይዛዋለች፤ ፊደሉ ሁሉ በአናቱ ቆሟል። ፈገግታው እንዴት ከፊቱ እንደ ሄደ ዛሬም ይታየኛል። አላቋረጣትም። እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ስትጨርስ "ተቀመጪ። በጣም... በጣም ጥሩ ነው" አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። እሱ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ደወሉ ሲደወል ሁለታችንን አስቀረን። ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር "ውሃ" ብሎ ጻፈ።

"አንብቢልኝ።"

"የቱን ቲቸር?" አለች።

እንደ ገና አልጠየቃትም። ጋዋኑን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና "ኑ" አለን፤ በባጃጅ ይዞን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። የጤና ባለሙያዋ ዓይኗን በትንሽ መብራት ስታይ ፊቷ ከብርሃኑ ጀርባ አይታየንም ነበር፤ ድምፅዋን ብቻ ነበር የምንሰማው። "የዓይን ግፊት ነው። የቆየ ይመስላል። አንደኛው በጣም ተጎድቷል" አለች። አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈችላት። መምህሩ እጅ ላይ ወረቀቱን ስታስቀምጥ "ቶሎ ነው፤ ሳይውል ሳያድር" አለችው።

አባቷ በማግስቱ መጡ። ጋቢያቸው ፈረስና የእንጨት ጭስ ይሸት ነበር። አማርኛ ስለማይችሉ እኔ አስተረጎምኩ። የልጃቸውን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩትና ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይኗ ይኸው የምንጭ ውሃ መስሏል። ምን ሆነ ነው የሚሉት?" አሉኝ።

ሊሄዱ የነበረበት ጠዋት ግን መነኸሪያው ባዶ ነበር። በእነዚያ የግርግር ዓመታት መንገድ በየጊዜው ይዘጋ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ስልክ አይሠራም፣ ትምህርትም ቆሟል። አንዱ ከጊንጪ ወዲህ ነው የተዘጋው ይላል፣ ሌላው ከሆለታ ወዲያ። አባቷ ልጃቸውን በአንድ እጅ፣ ስንቃቸውን በሌላው ይዘው ጠዋት ጠዋት መነኸሪያ በር ላይ ይቆማሉ፤ ፀሐይ ሲጠነክር ይመለሳሉ። የሚቆጡት ሰው እንኳ አላገኙም። አንድ ቀን መምህሩን፣ "በፈረስ ብወስዳትስ? ስንት ቀን ይፈጃል?" ብለው አስጠየቁኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ተረጎምኩለት። አባቷ መልሱን ጠበቁ፤ መልሱ እኔ ዘንድ ያለ ይመስል አፌን ያዩ ነበር።

እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንበብ። ቀን ቀን ክፍሏ ሄጄ የመምህሩን ታሪኮች አነብላታለሁ። በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን እጇን ዘርግታ ትፈልገዋለች፤ ሙቀቱን ስታገኝ እዚያ ትቀመጣለች። አንዳንዴ መምህሩም ዳቦ ይዞ ይመጣና በር ላይ በርጩማ ስቦ ይሰማናል። ከወትሮው የበለጠ ትጠይቀው ነበር፤ ይሄ ቃል ከምን መጣ፣ ያኛው ብዙ ቁጥሩ ምንድን ነው፣ ንግርና ምልሰት በምን ይለያሉ? ዓይኗ ሳይዘጋ ሁሉንም ልታስገባ የምትቻኮል ይመስል ነበር። መምህሩ ይመልስላታል፤ እየመለሰ ሰዓቱን ያያል፤ መንገዱን ያያል።

አንድ ከሰዓት ሳነብላት አቋረጠችኝ።

"ያ ወንዝ ዳር የተቀመጠው ሰውዬ ፈሪ ነው ብለን ነበር፣ ትዝ ይልሻል?"

"አዎ።"

"ፈሪ አልነበረም" አለች። ከዚያ "ቀጥዪ" አለችኝ።

ሳል የያዘኝ አስመስዬ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አባቷ የከብት ገመድ በእጃቸው እየጠቀለሉና እየፈቱ፣ እየጠቀለሉና እየፈቱ ተቀምጠው ነበር።

መንገዱ ተከፈተ። ሄዱ። ክፍል ስንመለስ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ መምህሩ ወረቀት ሲያድል በስህተት ለእሷም ይደርሳት ነበርና ሁለት ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። ሲመለሱ አንድ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ነበር፤ ቀዶ ጥገናው ለእሱ ነው፤ ለሌላው የሚደረግ ነገር የለም ተብሏል። "የቀረችውን ለማቆየት እንሞክራለን፤ የሄደውን አንመልስም አሉን" አሉ አባቷ በኦሮምኛ። ቀጥሎ በአማርኛ፣ "ቶሎ" አሉ። "ቶሎ፣ ቶሎ።" ከሆስፒታሉ ይዘዋት የመጡት የአማርኛ ቃል እሷ ብቻ ነበረች፤ ትርጉሟን ማንም ሳያስረዳቸው ገብቷቸዋል።

የቀረችውም አልቆየችም። ክረምቱ ሳይጋመስ ጥላና ብርሃን ብቻ መለየት ጀመረች፤ ከዚያ እሱም ተዋት። መምህሩ ከቢሮ ቢሮ ዞረላት። ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሌላ ከተማ አለ ብለው ነገሩት፤ አዳሪ ነው። አባቷ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ዓይን እያላት ልኬያት ይህ ሆነ። አሁን ዓይን የሌላትን ልጅ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም።" መምህሩ ለመናቸው፤ እኔም እየተረጎምኩ ለመንኳቸው። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማ ነበር። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላት መምህሩ። "አባቴ ደክሞታል፣ ቲቸር" አለች። ማንን እንውቀስ? ሁላችንም ልክ ነበርን፤ ሁላችንም ምንም አላዳንንም።

ፍራሿ አይሱዙ ላይ በተጫነበት ቀን ካፊያ ነበር። አከራይዋ ጸለየችላት። መምህሩ "አይዞሽ" ብቻ አለና ጭቃው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ስልኩም ጠፋብን። እኔ ፈተናዬን ወሰድኩ፣ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ በወንድሟ ስልክ እየደወልኩ አነብላት ነበር። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ታሪኩ መሃል ላይ "ሃሎ? የት ደረስሽ?" እንባባላለን። በኋላ እየዋለ እያደረ ደወሉ ቀነሰ። ሕይወት ነው ይባላል። ምን እንደሚባል አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ወንጪ ሄድኩ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሐይቁን ቁልቁል እያዩ ፎቶ ይነሣሉ። የወንድሟ ቤት ከመንገዱ ትንሽ ገባ ይላል፤ የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ይሰማል። ደጅ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ጭኗ ላይ ይወርዳል። አባቷ አርፈዋል፤ በስልክ ሰምቼ ነበር። የእግሬን ኮቴ ሰምታ ቀና አለችና ገና ሳልናገር ስሜን ጠራች። ተቃቅፈን ቆየን። ልብሷ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር፤ እንደ አባቷ ጋቢ።

እየሳቅን፣ ከሁለቱ ቋንቋ እየቀላቀልን ብዙ አወራን። የወንድሟ ልጆች ከበውን ተቀመጡ። ድንገት በአማርኛ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙባት መሰለኝ፣ "አሁን ምን ትመስያለሽ?" አለችኝ።

"እኔ?"

"አዎ። እኔ ዘንድ ያለሽው ባለ ዩኒፎርሟ ነሽ። ሹራብሽ ክርኑ ላይ የተቀደደው።"

ያን ሁሉ ቃል አብረን ተምረን፣ ስለ ራሴ ፊት የምላት አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ወፍሬአለሁ ልበል? ግንባሬ ላይ መስመር ወጥቷል፣ ፀጉሬን አሳጥሬአለሁ ልበል? ብነግራት ያቺን ልጅ የምወስድባት መሰለኝ። ብደብቃት ደግሞ ውሸት ይሆናል።

"ያው ነኝ" አልኳት።

"ውሸታም" አለች ሳቅ ብላ። "ድምፅሽ ወፍሯል።" እጇን ግን ወደ ፊቴ አላነሣችም። ድንቿን ቀጠለች።

ስመለስ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ጭቃው የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ "እዚህ ጋ ዝለዪ" እያለች ክንዴን ይዛ መራችኝ። ሚኒባሱ ቆመ። ተሰነባበትን። ረዳቱ "ቶሎ፣ ቶሎ" አለ። ገብቼ በመስኮት በኩል ቦታ አገኘሁ፤ መስተዋቱን ከፍቼ እጄን አወዛወዝኩላት። ትንሽ ቆይቶ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ። እጄን ሰብስቤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ልጠራት አፌን ስከፍት ሞተሩ ጮኸ። እሷም እጇን አንሥታ ነበር፤ እኔ ወዳለሁበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ ገባሁበት በር፣ ቀስ አድርጋ ታወዛውዝ ነበር።